የኤክስካቫተር ጭስ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ሲበላሽ ምን እናድርግ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)





 በዘርና በማዳበሪያ ሥራ የምታውቁኝ የልማት ሠራተኛ ዛሬ ስለ ኤክስካቫተር ለመናገር መነሣቴ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገር ግን የመስኖ ቦይ ስናስቆፍር፣ ኩሬ ስናስወጣ፣ ለመጋዘን መሠረት ስናስጠርግ የማሽኑን ኪራይ በሰዓት የምንከፍለው እኛው ነን። ክረምት ሳይገባ ማለቅ የሚገባው ቦይ ማሽን ቆሞ ቢጓተት፣ የሚያልፈን የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የአንድ የመስኖ ወቅት ምርት ነው።

ሴንሰሮቹ ለምን ተገጠሙ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የከባድ ማሽኖችን ጭስ የሚመለከተው ሕግ በየደረጃው ጠብቋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር እንደሚያስከትል አስታውቋል። በመሆኑም አዳዲሶቹ ማሽኖች በማርሚታው በኩል ሁለት ነገር ተጨምሮላቸዋል። አንደኛው ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ ነው። ሁለተኛው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ወደ ናይትሮጅንና ውኃ የሚለውጥ ካታሊስት ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ አድብሉ የሚባል የዩሪያ ፈሳሽ ይረጭበታል።

ይህንን ሁሉ የሚከታተሉት ሴንሰሮች ናቸው። ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሮች፣ በፊልትሮው ግራና ቀኝ ያለውን ግፊት የሚያነጻጽር ሴንሰር፣ የሙቀት ሴንሰሮች፣ እንዲሁም የፈሳሹን መጠንና ጥራት የሚለኩ አሉ። አንዳቸው ችግር ካመለከቱ ኮምፒዩተሩ የማሽኑን ጉልበት ይቀንሳል፤ ቸል ከተባለም ሥራ እስከማስቆም ይደርሳል። በዕድሜ የገፉትና ጥብቅ ሕግ ለሌለባቸው አገሮች የተሠሩት ብዙዎቹ ማሽኖች ግን ይህ ሥርዓት የላቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ማሽን አድብሉ ይጠቀማል ወይ?» የሚለው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሴንሰር ለመግዛት መሮጥ ነው። ሴንሰሩ ግን ተናጋሪ እንጂ ሁልጊዜ በሽተኛ አይደለም። ትክክለኛው አካሄድ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ኮዱ ከመሰረዙና ባትሪው ከመፈታቱ በፊት ሙሉውን መመዝገብ። ብዙዎቹ ማሽኖች በሁለት ቁጥር ይናገራሉ፤ ኤስፒኤን የት እንደሆነ፣ ኤፍኤምአይ ምን ዓይነት እንደሆነ ያመለክታል። ለምሳሌ ኤስፒኤን 3216 ከካታሊስቱ በፊት ያለው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር ነው፤ 3226 በኋላ ያለው፤ 3251 የፊልትሮው የግፊት ልዩነት ነው። ኤፍኤምአይ 3 ቮልቴጅ ከልክ በላይ መሆኑን፣ 4 ከልክ በታች መሆኑን፣ 5 ብዙውን ጊዜ የተቋረጠ መስመርን ያመለክታል። ኤስፒኤን 4364 ቢመጣ ግን የካታሊስቱ ሥራ ቀንሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሴንሰር መለወጥ ሳይሆን ፈሳሹን፣ መርጫውን፣ የጭስ መስመሩንና ካታሊስቱን መመርመር ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ በዓይን ማየት። አይጥ የበላው ሽቦ፣ ጭቃ የገባበት ሶኬት፣ አረንጓዴ ዝገት፣ ማርሚታው ላይ ተደግፎ የተቃጠለ ገመድ፣ ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ መጋጠሚያ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛ፣ በቴስተር መለካት። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገረው በመረጃ መስመር ነው። ኤፍኤምአይ 9 ከመጣ መልእክቱ በሚጠበቀው ጊዜ አልደረሰም ማለት ስለሆነ ፊውዙን፣ ኤሌክትሪኩንና መሬቱን ማየት ይቀድማል። ባትሪ ተፈትቶ የመረጃ መስመሩ ሲለካ ወደ 60 ኦም መሆን አለበት፤ 120 ካሳየ ከሁለቱ የመስመር ጫፎች አንዱ ተቋርጧል። የግፊት ሴንሰሩን ለመፈተን ደግሞ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን መክፈት ነው። ሞተር ሳይሠራ ግፊት ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ተጠርጣሪ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን ቱቦዎች በጥላሸት አለመደፈናቸውና አለመሰንጠቃቸውም ይታይ። የሙቀት ሴንሰሮችን ለመፈተን ጠዋት ማሽኑ ሳይነሣ ንባባቸውን ማነጻጸር ይበቃል፤ ሌሎቹ 15 ዲግሪ ሲሉ አንዱ 90 ካለ ጥፋተኛው ታውቋል።

የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር ማሽኑ እንደተነሣ ንባብ ባይሰጥ ብልሽት አይደለም። ውስጡ ያለው ሴራሚክ በጣም ስለሚግል የውኃ ጠብታ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ጭሱ ሞቆ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ማሽኑ በጋለበት ሰዓት ማርሚታውን በውኃ ማጠብ የማይገባውም ለዚሁ ነው።

የማዳበሪያ ዩሪያ አድብሉ አይደለም

ይህንን በተለይ ላሰምርበት እወዳለሁ። አድብሉ 32.5 በመቶ ንጹሕ ዩሪያ ሲሆን የቀረው ማዕድን የወጣለት ውኃ ነው። «ዩሪያ በመጋዘናችን ሞልቶ የለም ወይ?» የሚል ሐሳብ ቢመጣ አይደንቅም። ሆኖም ማዳበሪያው እንዳይጋገር የሚቀባ ነገር አለበት። ባዩሬት የተባለው ንጥረ ነገርም በአድብሉ ውስጥ ከ0.3 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በማዳበሪያው ውስጥ ግን ከዚህ በላይ ሊኖር ይችላል። የጉድጓድ ውኃችን ደግሞ ካልሲየም አለበት። ይህ ሁሉ መርጫውን ይደፍናል፣ ካታሊስቱን ያበላሻል። ዩሪያችንን ለማሳችን እናውለው። አድብሉም ቢሆን በጥላ ሥር፣ ከ30 ዲግሪ በታች በንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ፤ ናፍጣ በነካው ጀሪካን አይቀዳ።

ናፍጣውም ራሱ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሞተሮች የሚፈልጉት የድኝ መጠኑ ከሚሊዮን 15 እጅ የማይበልጥ ናፍጣ ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ካታሊስቱን ያደክመዋል፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣውን ኮድ ሴንሰር በመለወጥ ማጥፋት አይቻልም።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያ፦ ፊልትሮው ጥላሸቱን ሲያቃጥል ጭሱ እጅግ ይግላል። በዚህን ጊዜ ማሽኑ ከአውድማ፣ ከጭድ ክምርና ከደረቅ ሣር ይራቅ።

ከውሉ ይጀመር

የማኅበራት ሰብሳቢዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገር እንዲያስጽፉ አሳስባለሁ። ማሽኑ በብልሽት ወይም በተቀነሰ ጉልበት የሚያሳልፈው ሰዓት እንዳይቆጠር፤ አድብሉ የማን ወጪ እንደሆነ፤ ሥራ ሲጀመር የነበሩ ኮዶችና የሰዓት ቆጣሪው ንባብ በጋራ እንዲመዘገቡ፤ መለዋወጫ ከመገዛቱ በፊት የምርመራው ውጤት በጽሑፍ እንዲቀርብ። ኦፕሬተሩም ሞተር ካጠፋ በኋላ አድብሉ ከመስመሩ ወደ ታንኩ እስኪመለስ፣ መመሪያው የሚለውን ያህል ደቂቃ ሳይጠብቅ ዋናውን ማብሪያ እንዳያቋርጥ ይነገረው።

የወረዳ ኃላፊዎቻችንም ኮድ ማንበቢያ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ በቅርብ የሚገኝበትን መንገድ እንዲያመቻቹልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ለአንድ ማኅበር የሚከብደው ወጪ ዩኒየኑ ውስጥ ላሉት ሁሉ ሲካፈል ይቀላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

በዓሉ የደስታ፣ መጪው ዘመን የምርት ይሁንልን።