የአንድ ዓመት እንግድነት

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ «አንድ ዓመት ዱባይ ቆይታችሁ መጥታችኋልና ያያችሁትን ንገሩን» ብሎ በጠየቀን ጊዜ እኛ ሦስታችን ለመቀበል አመንትተን ነበር። ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ወይ ስለ ፎቁ ርዝመት ነው፣ ወይ ስለ መከራው ብዛት ነው። ፎቁንም አይተናል፣ መከራውንም ቀምሰናል። ነገር ግን ወደዚህ መድረክ የወጣነው ስለ ሁለቱ ለማውራት አይደለም። አንድ ዓመት በእንግድነት ስንኖር ከሁሉ የበለጠ የተማርነው ስለ ዱባይ ሳይሆን ስለ ገዛ ሰፈራችን ስለ መርካቶ ስለ ሆነ፣ ይህንኑ ልናካፍላችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሦስታችንም ተወልደን ያደግነው አዲስ ከተማ ነው። የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ እየሰማን፣ ከምናለሽ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ ዓይናችንን ጨፍነን መሄድ እስክንችል ድረስ ያደግን ልጆች ነን። እናቶቻችን በንግድ ነው ያስተማሩን። ስለዚህ መርካቶ የመጣው ሁሉ እንግዳ፣ እኛ ደግሞ ባለቤቶች እንደ ሆንን አድርገን እናስብ ነበር።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ ከኛ መካከል ድርሃምን በብር እያባዛ ያላሰላ ተማሪ ያለ አይመስለንም። እኛም አሰላን፣ ስሌቱም አማረልን። ትምህርታችንን ለአንድ ዓመት አቋርጠን፣ ስሙን ልንጠራው ለማንፈልገው ደላላ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉን በዕዳ ከፍለን በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተሳፈርን።

እዚያ እንደ ደረስን የጠበቀን ሥራ በደይራ ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ ማሸግና መጫን ነበር። ደመወዙ አዲስ አበባ ከተነገረን ያነሰ ሆኖ አገኘነው። ፓስፖርታችንንም «ለጊዜው» ተብለን አስረከብን።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለን። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የሚባል ሕግ በሄድንበት ጊዜ ነበር። ይህ አዋጅ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲከፍል ያዝዝ ነበር። ተጓዡ የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና እንደ ጤና ምርመራ ያለውን ነበር። ለደላላው የአውሮፕላን ቲኬት ብለን የከፈልነው ገንዘብ እንግዲህ ከኛ የሚጠየቅ አልነበረም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት የሥራ ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ሰነድ እንዳይዝ ከልክለዋል። ሁለቱም ሕጎች ታትመው ለሕዝብ የወጡ ናቸው። እኛ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተብለን ስንጠራ አንዱንም ገልጠን አላነበብንም። ለፈተና የማይመጣ ነገር ማንበብ አልለመድንም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ አናስረዝመው። በሥራው ላይ በቋንቋችን ተሳቀብን፣ ስማችን ተረስቶ «አንተ» እና «ሐበሻ» ሆነን ቀረን። ከሦስታችን አንዱ አንድ ማታ «እኛ ለነዚያ ለተሸካሚዎቹ ልጆች ያደረግነው ይኸንኑ አይደል?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በመጋዘኑ ውስጥ ከኛ ጋር ከሚሠሩት መካከል ፊሊፒኖች ይበዙ ነበር። ፊሊፒኖች በሰው አገር መኖርን እንደ አንድ ሙያ የያዙ ሕዝብ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። አገራቸው ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን በመንግሥት ደረጃ ያደራጀችው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ዛሬ በየአህጉሩ የማይገኙበት ቦታ የለም። እርስ በርሳቸው «ካባያን» ይባባላሉ፤ «ያገሬ ልጅ» እንደ ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጣቸውን ወንድ «ኩያ»፣ ሴቲቱን «አቴ» ይላሉ። እኛ ጋሼና እትዬ ስንል ያደግን ልጆች ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ በተለይ «አቴ» ከ«እትዬ» ጋር መመሳሰሉ አስገረመን። በዕድሜ የገፋውን የመጋዘኑን ጸሐፊ እኛም ኩያ ማለት ጀመርን። እርሱም አንድ ቀን «ያንተ አገር ወታደሮችና የኔ አገር ወታደሮች ኮሪያ ላይ ባንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተዋግተዋል» አለን። እውነቱን ነው። የነርሱ ጦር እ.ኤ.አ. በ1950፣ የኛ ቃኘው ሻለቃ ደግሞ በ1951 ነበር ኮሪያ የደረሰው። የኛን ታሪክ ከባዕድ ሰው አፍ በመስማታችን አፈርን።

ይኸው ኩያ ከወር በኋላ የደላላው ዕዳ እንዳስጨነቀን አወቀ። እነርሱ «ፓሉዋጋን» የሚሉት ማኅበር አላቸው። ሲያስረዳን ገና ከአፉ ነጥቀን «ዕቁብ!» አልን። አባላቱ በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ ተራው የደረሰው ጠቅላላውን ይወስዳል። ልዩነቱ የነርሱ ተራ በስምምነት መደልደሉ ነው፤ እኛ ዘንድ ዕጣ ይወጣል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይሾማል፣ ዋስም ይጠየቃል። የነርሱ ፓሉዋጋን አሥራ ሁለት ድርሻ ያለው ሲሆን፣ አንዱ ድርሻ በወር 300 ድርሃም ነበር። ሦስታችን መቶ መቶ አዋጥተን ባንድ ድርሻ ግቡ አለን። እኛም የዕቁብ አገር ሰዎች ነንና «ዋስ የለንም» ብለን መለስን። ኩያ ጥቂት አሰበና «እኔ አለሁ» አለ። ከዚያም ለሌሎቹ በቋንቋቸው ተናገረ፣ ጥቂት ተከራከሩ፤ በመጨረሻም የመጀመሪያው ተራ ለኛ ተሰጠ። 3,600 ድርሃም ወሰድን፤ ወደ 980 ዶላር መሆኑ ነው። የደላላውን ዕዳ በዚያ ከፈልን። የቀረውን አሥራ አንድ ወር ስንከፍል አንድም ቀን አላሳለፍንም። ልናሳልፍ ብንፈልግ እንኳ የምንሸሽበት አገር አልነበረንም ማለት ይቻላል፤ ግን ያስከፈለን ፍርሃት አልነበረም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት እየነደደ መሆኑን በስልክ ሰማን። ከኛ የአንዱ አባት ሱቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ስልክ አንሺ ጠፋ። ምስሉን ግን እያየነው ነበር፤ ልጅ ሆነን ተሯሩጠን ያለፍንበት ጎዳና ላይ ነበልባል ሲወጣ። በሰው አገር ሆኖ የራስን ሰፈር ሲቃጠል ማየት ምን እንደ ሆነ በቃል ልንገልጸው አንችልም። አንድ ባልዲ ውኃ ለማቀበል እንኳ አትደርስም። ፊሊፒኖቹ ሥራ ጨርሰው ወደ ክፍላችን መጡና ሳይናገሩ ተቀመጡ። አባትየው ስልክ ያነሣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ሱቁ ተርፎ ነበር፣ የጎረቤቶቹ ግን አልቋል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ትራሚ የተባለው ማዕበል፣ እነርሱ ክሪስቲን የሚሉት፣ አገራቸውን መታ። ቢኮል የሚባለው ክፍለ ሀገር በጎርፍ ተጥለቀለቀ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ በተራችን ሄደን አጠገባቸው ተቀመጥን። እንዴት እንደሚቀመጡ ያስተማሩን እነርሱ ነበሩ።

ታዲያ ፊሊፒኖች ከኛ በምን ይሻላሉ? ብለን ስንጠይቅ ኩያ የሰጠን መልስ «በሞት ተምረናል» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በሞት ተቀጣች። ሕዝቡ በማኒላ አደባባይ ወጥቶ መንግሥቱን «ልጆቻችንን ልከህ የት ነበርህ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ስለ ስደተኛ ሠራተኞች መብት የሚደነግግ ሕግ ወጣ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ለነርሱ ብቻ የቆመ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። ይህ ማለት በደል ቀረ ማለት አይደለም፤ ኩያ ራሱ አገሩ ላይ ስለ በሉት ደላሎች ብዙ ነግሮናል። ነገር ግን አንድ ፊሊፒናዊ ሲበደል ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

እኛም ያላየነው መከራ የለም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ገደማ ከሳዑዲ ዓረቢያ መባረር የጀመሩት ወገኖቻችን በጥቂት ወር ውስጥ 160,000 ያህል ሆነው ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ነው ያ ቁጥር 923 የተባለው አዋጅ የወጣው። እነርሱም እኛም ሕጉን ያገኘነው ዋጋ ከፍለን ነው። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበትን ሕግ አለማንበብ ግን የኛ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና።

ሁላችንም የምንኮራበት «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ የእንግዳ ቃል ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥተው፣ ነጮቹን ካገሬው ለመለየት በማሰብ ወደ ምዕራብ አዛወሩትና «የአገሬው ሰዎች ገበያ» ብለው በቋንቋቸው ሰየሙት። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ገበያውንም ያቆሙት እንግዶች ናቸው። ከየመን የመጡት ዓረቦች ሱቅ ከፍተው በዱቤ ሲሸጡ ኖሩ። ከጉራጌ አገር በእግራቸው የመጡት ደግሞ ጫማ ጠርገው፣ ሸክም ተሸክመው፣ በዕቁብ ተደጋግፈው ነጋዴ ሆኑ፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው ለትውልድ አገራቸው መንገድ እስከማሠራት ደረሱ። ስለዚህ እኛ ባለቤቶች ነን ያልነው፣ የእንግዳ ልጅ ወይም የእንግዳ የልጅ ልጅ መሆናችንን ስለ ረሳነው ብቻ ነው።

አስቀድመን እንመለስበታለን ያልነው ነገር ይህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በእናቶቻችን ሱቅ በር ጆንያ የሚሸከም እኩያችን ልጅ ነበር። ከገጠር መጥቶ ከብዙ ሰው ጋር ባንድ ክፍል ያድር ነበር። አንድ ቀን የሰፈሩ ዕቁብ ውስጥ ለመግባት ጠየቀ። ዳኛው «ዋስህ ማነው?» አሉት። ልጁም ወደኛ እያየ «ከነዚህ በቀር የማውቀው ሰው የለም» አለ። ከሦስታችን አንዱ የዚያ ዕቁብ ጸሐፊ ነበር፤ ሁለታችን ደግሞ አጠገቡ ቆመን ነበር። ልጁን አምስት ዓመት እናውቀዋለን፤ አንዲት ሳንቲም አጉድሎ አያውቅም። ሆኖም ዝም አልን። ስሙ ሳይጻፍ ቀረ።

ኩያ «እኔ አለሁ» ባለን ጊዜ ሦስታችንም ያሰብነው ያንን ልጅ ነው። ስንመለስ ፈለግነው። «ሌላ ቦታ ሄዷል» ከማለት በቀር ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አላገኘንም። ኩያ ያወቀን አንድ ወር ብቻ ነበር።

ውድ የማኅበራችን አባሎች፤ ንግግራችንን በምክር ብቻ መጨረስ አንፈልግምና ሁለት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማኅበራችን በየሳምንቱ ቅዳሜ አዲስ ከተማ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበር ያኑር። የሕግ ተማሪዎችና ሌሎች ፈቃደኞች እየተቀያየሩ፣ ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄደውን ሰው ውል ባማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ያንብቡለት፣ የሚገባውንና የማይገባውን ክፍያ ያስረዱት። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። እኛ ሦስታችን የመጀመሪያዎቹን አራት ቅዳሜዎች ለመቀመጥ ስማችንን ዛሬ እናስመዘግባለን።

ሁለተኛው በስብሰባ የሚወሰን አይደለም። እያንዳንዳችን በሰፈራችን ዋስ ያጣ አንድ እንግዳ እናውቃለን። ዕቁብ ለመግባት፣ ቤት ለመከራየት፣ ሥራ ለመያዝ አንድ የሚያውቀው ሰው አፍ ከፍቶ እንዲናገርለት ብቻ ይጠብቃል። እንናገርለት።

ለመሄድ የምታስቡትን ወንድሞችና እኅቶች አትሂዱ አንላችሁም፤ እኛ ሄደን መጥተን ለሌላው መንገድ መዝጋት አይገባንም። ነገር ግን ውሉን ሳታነቡ፣ ፓስፖርታችሁን በምን ሕግ እንደምትይዙ ሳታውቁ አትሂዱ። እዚያም ከደረሳችሁ ካገራችሁ ልጅ ጋር ብቻ አትወሰኑ፤ የሚያድናችሁ ሰው ከየት አገር እንደሚሆን አታውቁትምና።

 መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።