ከፓሌት ረከቦት

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ ስለ ታክሲ ሥራ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። የጠየቀኝ ግን ስለ እንጨት ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ቀን ቀን ታክሲ እነዳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መኪናዬ በምታድርበት ጋራዥ ውስጥ ጣውላ እልጋለሁ። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርቴን ባልጨርስም የቀሰምኳት ታህል በመጋዝና በመላጊያ ላይ ታገለግለኛለች።

ወገኖቼ፣ ስለ እንጨት ከማውራቴ በፊት ስለ ቤታችን ላንሳ። እዚህ የምንኖር ብዙዎቻችን ቤታችንን እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ነው የምናየው። የአብዛኛው ሰው ወረቀት በወራት የሚለካ ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል፣ እንደገና ያልቃል። ኑሯችንንም በዚያው ልክ መለካት ለመድን። «ነገ ለምሄድ ሰው ዕቃ ምን ያደርግልኛል?» እያልን ፍራሻችንን መሬት ላይ ዘርግተን፣ ሲኒያችንን በካርቶን ላይ ደርድረን አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት አለፈን። እኛ ነገን ስንጠብቅ ልጆቻችን ግን እያደጉ ነው። እነርሱ ዛሬ የሚኖሩበት ቤት ዕድሜ ልካቸውን «ቤታችን» ብለው የሚያስታውሱት ቤት ነው።

አንዳንዱ ሰው በባዕድ አገር እንጨት የአገር ቤት ዕቃ አይሠራም ይለኛል። እስቲ እንመልከተው። አዲስ አበባና ጆሃንስበርግ እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም የተቆረቆሩት በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛይቱ በእቴጌ ጣይቱ ፍላጎት ፍልውሃ አጠገብ፣ ይህችኛይቱ ወርቅ በመገኘቱ ተመሠረቱ። ሁለቱም እንጨት ቸግሯቸው በባሕር ዛፍ ቆመዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ደረሰላት። እዚህ ደግሞ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶችን የሚደግፍ እንጨት በማስፈለጉ ይኸው ባሕር ዛፍ በብዛት ተተከለ። ዛሬ ባለጸጎች የሚኖሩበት ሳክሰንዎልድ የተባለው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከዚያ ጫካ ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ወይራ እዚህም የዱር ወይራ ተብሎ በየግቢው ይገኛል። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ዛፍ የሆነው የሎውውድ ደግሞ የዝግባችን ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ የሎውውድ በ1998 በወጣው የደን ሕግ የሚጠበቅ ዛፍ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል፤ ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

ለጀማሪ የሚሆነው እንጨት ፓሌት ነው። እኛ ጄፒ እያልን በምንጠራው በራሂማ ሙሳ ጎዳና አካባቢ ባሉ የጅምላ መደብሮች ጓሮ ተቆልሎ ይታያል። ባለቤቱን ሳይጠይቁ መውሰድ ነውርም ወንጀልም ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ጭራሽ አትንኩት፤ የኪራይ ድርጅት ንብረት ነው። በጎኑ ላይ የተተኮሰበትን ማኅተም አንብቡ። «ኤች ቲ» የሚሉ ፊደላት ካሉበት በሙቀት የታከመ ስለሆነ ለቤት ይሆናል፤ «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ተዉት። እንዲሁም ለአጥር የሚሸጠውን አረንጓዴ ቀለም ያለውን ግንድ ለማገዶ አታድርጉት። አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ጭሱም አመዱም ይመርዛል።

መሣሪያን በሚመለከት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ማዕዘን፣ ሞርሳና ኮላ ይበቃሉ። በ2023 መብራት በቀን ለብዙ ሰዓት ይጠፋ በነበረበት ወቅት የኤሌክትሪክ መጋዝ ያላቸው ጎረቤቶቼ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እኔ በሻማ እልግ ነበር። የእጅ መሣሪያ ጎረቤትም አይረብሽም። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግን አይረሳ፤ ሰጋቱራ ለሳንባ ጠላት ነው።

ወደ ረከቦቱ ልምጣ። እኔ የምሠራው 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድ፣ 20 ከፍታ ያለው ነው። ዋናው ቁም ነገር የአየሩን ጠባይ ማወቅ ነው። አዲስ አበባ ዝናብ በሚወርድባት በሐምሌና በነሐሴ የጆሃንስበርግ ደረቅ ብርድ ከንፈር ይሰነጥቃል። እንጨትም እንደ ከንፈር ነው። ጣውላ በርዝመቱ ይህን ያህል አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በደረቁ ወራት ይጠባል፣ በዝናቡ ወራት ይሰፋል። ስለዚህ ገበታውን ዙሪያውን በኮላና በምስማር ጠርቆ ያሰረ ሰው ነሐሴ ላይ ስንጥቅ ያገኛል። መፍትሔው ገበታውን መሐል ለመሐል አጥብቆ፣ ዳርና ዳሩን ሞላላ በሆነ ቀዳዳ በብሎን ማሰር ነው። እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ አብሮት ይሄዳል።

ከረከቦት ቀጥሎ በርጩማ ይመጣል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ፣ ተጠርቦ ይወጣል። እዚህ ያን የመሰለ ግንድ ስለማናገኝ መቀመጫውን ከጣውላ አጣብቀን እግሮቹን እንሰካበታለን። እግሩ ግን ሦስት ይሁን። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ ጠብ የሚያነሣው አራተኛው ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም።

የምታውቁትን አንድ ነገር ላንሣ። በአገራችን ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ የከፋ ስለነበር ነው። ዛሬም «ተምሮ ተምሮ አናጢ ሆነ» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት በ2019 ሎኬሽን ውስጥ ይሠራበት የነበረው ሱቅ ተዘርፎ ወራት ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ቆየ። ጋራዤ ድረስ ያመጡት ጓደኞቹ ናቸው። በስድስተኛው እሑድ በርጩማውን ጨረሰና ገልብጦ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱን በመሮ ቀረጸበት። «እዚህ አገር ከመጣሁ የእኔ ነው የምለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው» አለኝ። ሱቅ ሊዘረፍ ይችላል፤ ወረቀትም ጊዜው ያልፋል። እጁ የተማረውን ግን ማንም አይወስድበትም፤ አገር ቤት ቢመለስም፣ ሌላ አገር ቢሻገርም ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለው ዕቃ ቤት በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእንጨት ሥራ ይፈቀድልን። ከእኔ በኩል ሁለት መጋዝ፣ አንድ መላጊያና አንድ ሞርሳ አለ። ጅምላ ሻጭ የሆናችሁ አባላት ፓሌት ብታዋጡ፣ የአናጢነት ሙያ ያላችሁ አባቶች መጥታችሁ ብታስተምሩን ሥራው ይጀመራል። በቅድሚያ የምንሠራው አሥር አግዳሚ ወንበር ይሁን። ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩት በለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሀ ሁን ወላጆቻቸው በሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቁጠሩ። ወንበሩን የሚሠሩትም እነርሱው ከእኛ ጋር ሆነው ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ፈቃዱ ዛሬ ቢሰጠን መጋዙ መኪናዬ ውስጥ ነው።