የሃምሳ አለቃ አውሮፕላን

በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



በጽሕፈት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ስለ ተቀመጠችው ትንሽ አውሮፕላን ጥቂት ቃል እንድንናገር ሊቀመንበራችን ስላዘዙን ቀርበናል። ንግግር የለመድን ሰዎች አይደለንም። ትምህርታችን ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜያችንንም የፈጀነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስንመልስ ነው። ስለዚህ አንደበታችን ቢደነቃቀፍ ይቅርታ አድርጉልን።

አስቀድመን የሒሳቡን ነገር እንጨርሰው። «ድንኳኑ ተቀዶ ሳለ ዕድሩ በመጫወቻ ገንዘብ ያጠፋል» የሚል ወሬ በሠፈሩ መዞሩን ሰምተናል። ከዕድሩ ካዝና አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ሣጥኑን የላከችው በስዊድን አገር የምትኖረው የሃምሳ አለቃ ልጅ ናት። ቀለሙን፣ ማጣበቂያውንና ብርጭቆ ወረቀቱን የሠራነው ሰዎች ከኪሳችን አዋጥተን ገዛን። ደረሰኝ እንይ የሚል ካለ ደረሰኙ አለ፤ በመዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ደረሰኝ አይጥልም። የዕድሩ ንብረት የተነካው ጠረጴዛውና አምፖሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የመብራቱን ክፈሉ ካላችሁን እንከፍላለን።

ሃምሳ አለቃን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ሐዘን በሆነ ቁጥር ድንኳኑ ሲተከል ገመዱን ሳልነካ አልቀመጥም የሚሉት አዛውንት ናቸው። ዛሬም ይኸው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ የምንናገረውንም እሳቸው ፈቅደውልን ነው። ወታደር እንደ ነበሩ ሁላችን እናውቃለን፤ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ገና ጎረምሳ ሳሉ ቢሾፍቱ፣ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ስትባል፣ አየር ኃይል ገብተው የአውሮፕላን ሞተር መካኒክነት ተማሩ። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድም ፎቶግራፍ የላቸውም። በ1983 ዓ.ም. የወታደር ነገር ሁሉ በሚያስፈራበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት ፎቶግራፎቻቸውን በምድጃ አቃጥለዋል። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና አንዷን እንኳ እናስቀር ብለው ቢለምኗቸው እሺ አላሉም።

ያለፈው ዓመት ደግሞ የዓይናቸው ነገር መጣ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አላቸው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በርትቶ ጅማቱን ይጎዳል፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የሚያገለግለው የቀረውን ለማቆየት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የልጅ ልጆቻቸው «አባባ፣ የምትሠራው አውሮፕላን ምን ይመስል ነበር?» ብለው የጠየቋቸው። በወረቀት ሊሥሉላቸው ሞከሩ። መስመሩ አልታያቸው አለ። ወረቀቱን ጨምድደው ኪሳቸው ከተቱት። ይህን የሰማችው ልጃቸው ናት ሣጥኑን የላከችው።

አውሮፕላኗ ሳዓብ ቢ 17 ትባላለች። የስዊድን ሥራ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በግንቦት ወር 1932 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ በጦርነት ይነድ ነበር፤ ስዊድን ገለልተኛ ብትሆንም ባዶ እጇን መቀመጥ ስላልፈለገች በገዛ ፋብሪካዋ ቦምብ ጣይ ሠራች። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ አብራሪው ከፊት፣ ሁለተኛው ከኋላ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አገራችን ከስዊድን ገዝታ ለአየር ኃይሏ አስመጣቻት። አየር ኃይሉን ከ1938 እስከ 1948 ዓ.ም. ያደራጁትና የመሩት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። እኚህ ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜም የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኛ ያመላለሱ ነበሩ፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገድለው እዚሁ አገራችን ቀሩ። ሃምሳ አለቃ ሥራ ሲጀምሩ ካውንቱ ከሄዱ ቆይተው ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ግን ገና ይበርሩ ነበር።

ሣጥኑ በተከፈተ ዕለት አዘንን። አውሮፕላን ይወጣል ስንል የወጣው ግራጫ ፕላስቲክ ነው፤ ልክ እንደ ወይን ዘለላ በቀጭን ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ብዙ ስብርባሪ። እኛን ያጽናናን እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው። ቁጥር ካለ መዝገብ ይኖራል። ደብተር ከፍተን ገቢና ወጪ እያልን መዘገብናቸው፤ አንዷ ቁራጭ መሬት ስትወድቅ ማንም ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ በባትሪ ተፈልጋ ትገኛለች። እንደዚህ ባናደርግ ኖሮ የአውሮፕላኗ ግማሽ በዕድሩ መጥረጊያ ተጠርጎ ወጥቶ ነበር።

ልኳ አንድ ለሰባ ሁለት ነው። እውነተኛይቱ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 13 ሜትር ከ70 ናት፤ የእኛይቱ 19 ሳንቲሜትር መጣች። አንድ ሜትር ከሰባ ሦስት የሆነ ሰው በዚህ ልክ ቢሠራ 2 ሳንቲሜትር ከ4 ነው፤ ከክብሪት እንጨት ያጥራል። እንግዲህ የዚያ ሰው መቀመጫ፣ የፊቱ ሰዓቶች፣ የሚይዘው መሪ ምን ያህል እንደሚሆኑ አስቡት። በወረንጦ ካልሆነ አይያዝም፤ ስታስነጥሱ ይጠፋል።

እኛ መመሪያውን ይዘን፣ በባትላሜራ ሥራ የሚተዳደረው ወንድማችን መሣሪያውን ይዞ፣ አሥረኛ ክፍል የምትማረው የጎረቤታችን ልጅ እንግሊዝኛውን እያነበበች ሥራው ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር አድርገው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ላይ ብዙ አይናገሩም ነበር።

ጥፋታችንን ካልነገርናችሁ ሥራው ቀላል ይመስላችኋል። ሱፐር ግሉ የሚባለው ማጣበቂያ ፈጣን ነው ብለን ጥርት ያለውን የአብራሪውን መስታወት በእሱ አጣበቅን። በማግሥቱ መስታወቱ በውስጥ በኩል የጢስ ጉም ለብሶ አገኘነው። ለካ የማጣበቂያው ትንፋሽ ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። በምላጭ አላቅቀን፣ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስንፈትግ ዋልን። ልጅቱ ጣቷ እስኪላጥ ፈትጋ አጠራችው። መልሰን ያጣበቅነው አናጢዎች በሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ነው፤ ቢዘገይም ጉም የለውም።

ሁለተኛው የቀለሙ ጥፋት ነው። የባትላሜራው ወንድማችን ስንት መኪና የቀባ እጅ ነውና የመኪና ቀለም በቲነር በርዞ አመጣ። ጅራቷን በአንድ ብሩሽ ሲነካው ፕላስቲኩ እንደ ቅቤ ላላ። ደንግጠን ጸጥ አልን። ሃምሳ አለቃ ከመስኮቱ ሥር ሽታው ደርሷቸው «ቲነር ነው እንዴ? ቲነር እኮ ፕላስቲክ ይበላል!» አሉ። ታዲያ ቀድሞ ማን ጠየቃቸው! የተጣመመውን በስቱኮ ሞልቶ፣ አድርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠቡ ማስተካከል ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ በኋላ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነን ነው የቀባነው። ደግሞም አንዴ አወፍሮ መቀባት የለም፤ ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ፣ በየመካከሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ወፍራም ቀለም በዚህች ልክ ላይ የሰንበሌጥ ውፍረት ያለው መስመር ሁሉ ይደፍናል።

ስዊድኖቹ ከላይ የወይራ አረንጓዴ፣ ከሆዷ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ግራጫ ይቀቧት ነበር። አረንጓዴውን በትክክል አዋሕደን ቀባናት፤ ጥቁር መሰለች። ቀለሙ ያው ቀለም ነው፣ ነገር ግን በትንሽ ነገር ላይ ሲያርፍ ጠቁሮ ይታያል። ትልቅ አውሮፕላን ከሩቅ ስናይ በመካከሉ አየርና ብርሃን አለ፤ ትንሿን ግን በአፍንጫችን ሥር ይዘናት ነው። ስለዚህ ነጭ ጠብ አድርገን አቀለልነው። የባትላሜራው ወንድማችን ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ ቀለም ቀለም ነው ይላል። የሦስቱን የስዊድን ዘውዶች ምልክት ትተን፣ በኮምፓስ ክብ አውጥተን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን የቀባችው ልጅቱ ናት። እኛ እጃችን ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ እግሮቿ እንምጣ፤ ዋናው ነገር ይኸ ነው።

ይህች አውሮፕላን የመንኮራኩሯ እግሮች ወደ ኋላ ታጥፈው ክንፏ ሥር ይገባሉ። እግሮቹን የሚሸፍን ሰፊ ክዳን አላቸው። አብራሪው ቦምብ ለመጣል ቁልቁል ሲወረወር ፍጥነቱ እንዳይበዛበት እግሮቹን ያወርዳል፤ ያ ሰፊ ክዳን ነፋሱን ይዞ እንደ ፍሬን ያገለግላል። እኛ ይህን አናውቅም። መመሪያውን አይተን፣ ቁጥሩን ከደብተራችን አመሳክረን፣ ፊርማ አኑረን አጣበቅን። አንድ ቅዳሜ ሃምሳ አለቃ «እስቲ ልያት» አሉ። እንግዲህ ማየት ማለታቸው በእጅ ነው። ከአፍንጫዋ ጀምረው በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ። እግሯ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደ ገና ዳሰሱ።

«ይኼ ዞሯል» አሉ።

«ኧረ አልዞረም፣ ሃምሳ አለቃ፤ በቁጥሩ ነው የሠራነው» አልናቸው።

«ሰፊው ፊት ወደ ኋላ ሆኗል። ነፋሱን በምኑ ሊይዘው ነው?»

እኛ ተከራከርን። በሥራ ዘመናችን ወረቀት ያለውን ሰው በቃል አይረታውም፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። ልጅቱ ወረቀቱን ወስዳ በመስኮቱ ብርሃን ተመለከተችው። ሥዕሉ አውሮፕላኗን ገልብጦ ሆዷን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚያሳየው። እኛ ይህን ሳናስተውል የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አድርገን ክዳኖቹን አዙረን አጣብቀናል። ወረቀቱም ልክ ነበረ፣ ሃምሳ አለቃም ልክ ነበሩ፤ ያጠፋነው እኛ ነን። በዚያ ዕለት ደብተሩ ላይ «በስሕተት የተሠራ» ብለን ጽፈን ፈረምን።

በምላጭ ቆርጠን ስናላቅቅ አንዱ እግር ተሰበረ። በመርፌ ቁራጭ ውስጡን አያይዘን ጠገንነው፤ ዛሬ የቆመችበት የግራ እግሯ መርፌ አለበት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሳይጣበቅ በፊት በሃምሳ አለቃ እጅ ያልፋል ተባለ። ሰውየውም ምላሳቸው ተፈታ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሌሊት ሥራው፣ በቀዝቃዛ ማለዳ እንቢ ስላለ ሞተር ሲያወሩ ሥራው ይቆማል፤ ማን ቸኩሎ!

በአምስተኛው ወር አለቀች። ንጹሕ፣ የምታብረቀርቅ ሆነች። ኮራን። ሃምሳ አለቃ በእጃቸው አዩአት፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጓት፣ ከዚያም «ዘይቱ የታለ?» አሉ።

«የምን ዘይት?»

«ሞተሩ ዘይት ይተፋል እኮ። ከጢስ መውጫው ወደ ኋላ ጥላሸት አለ፤ ሆዷ በዘይት ይጠቁራል። በየማታው በጨርቅ የምጠርገው እኔ ነኝ። እንዲህ ንጹሕ የሆነች አውሮፕላን አላውቅም።»

አምስት ወር የደከምንባትን ልናቆሽሻት ነው? የባትላሜራው ወንድማችን ወጥቶ ሄደ፤ ሲጋራ አጭሶ ተመለሰ። ልጅቱ ከቤቷ የድስት ቂጥ ጥላሸት በወረቀት ይዛ መጣች። ሃምሳ አለቃ ጣታቸውን ነክረው ከጢስ መውጫው ጀምረው ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስሱ ሳቡት። ከሆዷም እንዲሁ። ለማየት ይቸገራሉ፤ እጃቸው ግን ከመስመሩ አልወጣም። ያን ጊዜ ነው አሻንጉሊት መምሰሏ የቀረው።

የልጅ ልጆቻቸው በመጡ ዕለት አምስቱም ጠረጴዛውን ከበቡ። ትንሹ «አባባ፣ አንተ የቱ ጋ ነበርክ?» አላቸው። የልጁን ጣት ይዘው አፍንጫዋ ላይ አሳረፉት። ሞተሩ አሥራ አራት ሲሊንደር አለው፤ ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካንዴላ። «ሃያ ስምንት ካንዴላ እፈታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እመልሳለሁ» አሉት። ልጁ የፊቶቹን ሰባት ቆጠረና የኋለኞቹ የት አሉ ብሎ ተጨቃጨቀ።

አሁን የቀረው የመስታወት ሣጥን ነው። አቧራ እየገባባት ነው፤ አንድ ቀንም አንድ ሕፃን አሽከርክሮ ፕሮፔለሯን ነቅሎብናል። አናጢው ልኩን ወስዷል፤ ገንዘቡም ተዋጥቷል፤ ከዕድሩ አንጠይቅም። እንዲያው ምክር ብንፈልግ ነው፦ አናጢው ዙሪያውን ደፍኜ ልሥራው ወይስ ቁልፍ ላብጅለት ብሎ ጠየቀን። እኛ ቁልፍ ብለን ነበር። ሃምሳ አለቃ ሁለቱንም አልፈለጉም። በፊት በኩል ያለው መስታወት እጅ እስኪገባ ድረስ የሚከፈት እንዲሆን ነግረውታል፤ አናጢውም እንደዚያው እየሠራው ነው።