ስለ ሕፃናት የቤት ትምህርትና ስለ ማታ ተረት የተነገረ ንግግር





የደብራችን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት በዚህ ቀን ስለ ሕንፃው አሠራርና ስለ ደብሩ ታሪክ የሚናገሩ ከእኔ የበለጡ ሰዎች ስላሉ፤ ለእኔ የተሰጠኝ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ይኸውም ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆነ ሕፃናት፤ ፊደል ከመቍጠራቸው በፊት ወይም ገና መቍጠር በሚጀምሩበት ጊዜ፤ በቤታቸው ከእናት ከአባታቸውና ከአያቶቻቸው ስለሚያገኙት ትምህርት ነው። ትንሽ ይመስላል ማለቴ፤ ለልጅ ተረት መናገር ደመወዝ የሚከፈልበትና የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሥራ ስላይደለ ነው እንጂ፤ ነገሩስ ትንሽ ሆኖ አይደለም።

ሰበታ በጅማ መንገድ፤ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፤ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሆነው አዲስ አበባን ከበዋት ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ቀድሞ በእነዚህ ቦታዎች አራሹና ከብት አርቢው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጁን ነቅቶ ያገኘው ነበር፤ በእሳቱም ዳር ተረት ይነገር ነበር። ዛሬ ግን አንዲቱ እናት ወደ ፋብሪካ፤ ሌላይቱ ወደ አበባ እርሻ፤ አባትየውም ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ማታም በታክሲ ሰልፍ ቆመው ቆይተው ከመሸ በኋላ ይገባሉ። ልጁ ሲሄዱ ተኝቶ ነበር፤ ሲመለሱም ተኝቷል። ስለዚህ ወላጆች «የአጸደ ሕፃናቱን ክፍያ ከፍለናልና ትምህርቱን እዚያው ያግኝ» ቢሉ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው በራሴ ላይ ነው፤ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ከተሞች ባንደኛው በአንድ አጸደ ሕፃናት አስተምር ነበር። ከልጆቹ መካከል አምስት ዓመት የሆነው አንድ ወንድ ልጅ ነበረ፤ ሲጠየቅ መሬት መሬት ያያል እንጂ አይመልስም፤ ከጓደኞቹም ጋራ አይጫወትም ነበር። እኔም ወላጆቹ በሚያዩት የመገናኛ ደብተር ላይ «ልጁ ንግግር ያንሰዋል፤ በቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ይነገረው» ብዬ ጻፍሁ። በበጎ አሳብ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ልጁ ከቀድሞው ይልቅ ዝምተኛ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቱ ሊወስዱት መጥተው ሳለ፤ የረሳውን ኮፍያ ላቀብለው ብዬ ከኋላቸው ተከተልሁ። ልጁ እየተራመደ ለአያቱ በኦሮምኛ ተረት ይነግራቸው ነበር። ቀበሮዋን በቀጭን ድምፅ፤ ጅቡንም በወፍራም ድምፅ እያናገረ፤ አንዱን ነገር ከሌላው ሳያደናግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሰው። አያቱ ግን ራሳቸውን ከመነቅነቅ በቀር አንድ ቃል አልመለሱለትም። በማግሥቱ የልጁን እናት ብጠይቃት፤ እናቷ አማርኛ ስለማያውቁ፤ የእኔ ቃል ከተነበበላቸው ቀን ጀምሮ «ልጁን በቋንቋዬ አበላሸሁት» ብለው ተረት መንገር መተዋቸውን ነገረችኝ። ያን ተረት ልጁ ለአያቱ የነገራቸው እርሳቸው ስለ ተዉት ነበር።

እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ለመንኋቸው። ልጃቸው እያስተረጐመች ሁሉን ካስረዳኋቸው በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እንግዲህ ዛሬ ማታ ብነግረው አይጎዳውም?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም።

በሕፃንነት የተሰማ ተረት ምን ያህል ጽኑ ሀብት እንደ ሆነ ለማወቅ የአስቴር ጋኖን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አስቴር በልጅነቷ ለባርነት የተዳረገች የኦሮሞ ልጅ ናት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ በመርከብ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ ይዞ ነጻ አወጣት፤ ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ቤቷን፤ ዘመዶቿንና አገሯን አጥታለች፤ ማንም ያልወሰደባት ግን በልጅነቷ የሰማችው ቃል ነበር። ከአናሲሞስ ነሲብ ጋራ ሆና የወገኖቿን ተረትና ዘፈን ሰብስባ ጻፈች፤ ከዚህም ከፊሉ በ1894 ዓ.ም. በዚያው በፈረንጆቹ አቈጣጠር፤ በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በኋላም ወደ ወለጋ ተመልሳ ሕፃናትን አስተማረች። እርሷና አናሲሞስ በሃይማኖት ከእኛ ማኅበር እንዳልነበሩ አውቃለሁ፤ ስለ በጎ ሥራቸው ግን ማመስገን ይገባናል። በባሪያ ነጋዴ እጅ የወደቀች ሕፃን ይዛ የወጣችው የእናቶችን ተረት እንደ ነበረ ልብ በሉ፤ ያም ተረት መጽሐፍ ሆነ።

ይህም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት ጋራ የሚስማማ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው ጠርቷል፤ እምነቱን ያገኘው በቤት ውስጥ ነበርና። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ደግሞ አባቶች ለልጆቻቸው ሕጉን በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ እንዲያጫውቷቸው ታዘዋል። ወንበርና ሰሌዳ በዚያ አልተጠቀሰም።

አሁን «ተረት ሕፃኑን ምን ያስተምረዋል?» የሚል ይኖራል። ተረት የሚሰማ ልጅ አስቀድሞ የሆነውንና በኋላ የሆነውን መለየት ይለምዳል፤ በየቀኑ በቤት የማይነገረውን ቃል ይሰማል፤ በዓይኑ ያላየውን በልቡ ይሥላል፤ ጅቡ የማያውቀውን ቀበሮዋ እንደምታውቅ ሲገባው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አሳብ እንደሌለው ይረዳል። ኋላ መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ፊደልን ለይቶ የተረቱን መንገድ የማያውቅ ልጅ ቃሉን ይጠራዋል እንጂ ነገሩን አያገኘውም።

በሩቅ አገር የተደረገ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፤ በምግብ ጕድለት ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናት ተመርጠው ነበር። ለከፊሎቹ አንዲት የጤና ረዳት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ቤታቸው እየሄደች፤ በቤት ውስጥ ከተጣለ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ እናቲቱን ከልጇ ጋራ መጫወትንና መነጋገርን ታሳያት ነበር። ይህም ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፤ በዚህ ዓይነት የተጐበኙት ካልተጐበኙት ይልቅ ገቢያቸው በመቶ 25 ያህል በልጦ ተገኘ። ለዚህ ሁሉ መሣሪያው የእናት ንግግርና የተጣለ ዕቃ ነበር።

እንግዲህ እንዴት እንደሚደረግ በምሳሌ ላሳይ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲሸሽ፤ በዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ዛፉን ስድስት ጊዜ ሲወጣና ሲወድቅ፤ በሰባተኛውም ሲደርስ አየ። ይህን ለሦስት ዓመት ልጅ ስትነግሩ ሰባት የባቄላ ፍሬ በእጁ ስጡት፤ ትሉ በወደቀ ቍጥር አንድ ፍሬ ያኑር። «ስንት ጊዜ ወደቀ? ስንት ቀረ?» በሉት። በሁለተኛው ማታ ያንኑ ድገሙለት፤ ልጅ ድግግሞሽ አይሰለቸውም፤ የሚሰለቸው ዐዋቂው ነው። በሦስተኛው ማታ ደግሞ ሆነ ብላችሁ ተሳሳቱ፤ «በአምስተኛው ደረሰ» በሉ፤ ልጁ ተቈጥቶ ያርማችኋል። በአራተኛው ማታ «አሁን አንተ ንገረኝ» በሉት። ቍጥርንም፤ ታሪክንም፤ ደፍሮ መናገርንም በአራት ማታ ተማረ ማለት ነው። ዋጋውም ሰባት ባቄላ ነው፤ እርሱም ተመልሶ ወደ ድስት ይገባል።

ከተረቱ ሌላ የቤቱ ሥራ ራሱ ትምህርት ነው። ምስር ሲለቀም ትልቁንና ትንሹን ይለይ፤ ስኒ ሲደረደር ለአያት፤ ለእናት፤ ለጎረቤት እያለ ይቍጠር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ በመንገድ ያየውን ጠይቁት፤ የሰበታ ልጅ ወጨጫን፤ የቡራዩ ልጅ የገፈርሳን ውኃ፤ የሱሉልታም ልጅ ሜዳውንና የድርቆሹን ክምር በስም ይወቅ። በቤታችሁ ሥዕል ካለ «ይህ ማን ነው? ምን ይዟል?» በሉት። የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋራ የተሣለበትን ሥዕል ልጆች ሲያዩ፤ ሕፃኑ የእነርሱ እኩያ መሆኑን ሲሰሙ እጅግ እንደሚደነቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እንቆቅልሽም አትርሱ። በአማርኛ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንደሚባል፤ በኦሮምኛም ሂቦ አለ፤ ኦዱ ዱሪ የሚባለውም የጥንት ተረት ነው። በአንድ ቤት ሁለቱ ቋንቋዎች ቢነገሩ ልጁ አይደናገርም፤ እናቲቱ አጥብቃ በምታውቀው ትንገረው። ያገራችንም የትምህርት ፖሊሲ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ እኔ ያን የደብተር ቃል ስጽፍ ይህ ተዘንግቶኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን እቃወማለሁ። ልጅ እንዲተኛ ወይም እንዲታዘዝ ብለው በጅብና በጭራቅ የሚያስፈራሩት አሉ። ይህ ተረት አይደለም፤ ዱላ ነው። በተረት ውስጥ ጅብ ይግባ፤ ነገር ግን በመጨረሻው ይሸነፍ፤ ልጁም እየሳቀ ይተኛ። አባባ ተስፋዬ፤ ማለት ተስፋዬ ሣህሉ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ 42 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ የአገሩን ሕፃናት ሁሉ የሳቡት በፍቅር ነበር እንጂ በማስፈራራት አልነበረም። ቴሌቪዥንም ቢሆን እናት አብራ ተቀምጣ የምትጠይቅበት ከሆነ ይጠቅማል፤ ልጁን ብቻውን የሚያስቀምጡበት ከሆነ ግን ሞግዚት ሆነ ማለት ነው።

ስለ ፊደል በአጭሩ ልናገር። በየኔታ ዘንድ 231 ፊደላት ተቈጥረው፤ አቡጊዳ ተደግሞ፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት የሚነበብበት ሥርዓት የአባቶቻችን መሠረት ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከአንደኛ ክፍል በፊት ዜሮ ክፍል ተከፍቷል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል አልጽፍ አለ ብሎ ማስለቀስ ምንም አይጠቅምም፤ ጣቱ ገና እርሳስ አልጨበጠም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፤ እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ የቀረው የእናት ቤት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ማንበብ የማይችሉ እናቶች «እኛ ምን እናስተምራለን?» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ተረት የሚያውቅ ሰው ግን ባዶ እጁን አይደለም።

አባቶች ካህናት ሆይ፤ ልመናዬ ይህ ነው። በየማኅበሩና በየሰንበቴው ስትጠሩ፤ ጸበል ጻዲቁ ከመቅረቡ በፊት ሕፃናቱን አንድ ታሪክ ንገሯቸው፤ ወይም አንድ ሽማግሌ እንዲነግራቸው እዘዙ። የንስሐ ልጆቻችሁንም ቤት ስትጎበኙ «ልጁ ፊደል ለየ ወይ?» ከማለት በፊት «ማታ ማታ ማን ያጫውተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መሽቶ የሚገባ አባትም ቢሆን በእሑድ ቀን ሩብ ሰዓት አያጣም፤ ልጁ ተኝቶ ካገኘውም በማለዳ ጫማ ሲያጠልቅ ትናንት የሰማውን ይጠይቀው።

ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ቅጥር ውስጥ ካለው ጽድ ሥር የሕፃናት ተረት ይጀመራል። ምንጣፉን የሰንበቴው ማኅበር ሰጥቷል። የመጀመሪያውን ተረት የሚነግሩት እኒያው የልጁ አያት ናቸው፤ እርሳቸው በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ልጃቸው በአማርኛ ትመልሰዋለች። አግዳሚ ወንበር ላቅርብ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ግን አልፈቀዱም፤ ልጆቹ ከጕልበታቸው ሥር እንዲቀመጡላቸው ይፈልጋሉ።