ቤት ቋንቋችንን ይጠብቅ፣ ልጁ ግን ይማር!

(ጋምቤላ ከተማ ላይ ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አማርኛ ትምህርት ነው። "ብሔርተኛ ነኝ እያለ አማርኛ ይሰብከናል እንዴ?" የምትሉ አላችሁ። እስቲ አስጨርሱኝና ፍረዱ።

በየሰፈራችን ሁለት ዓይነት ወላጅ አለ። አንዱ፣ "ልጄ አማርኛ ካበዛ ከአያቱ ጋር እንኳ አይግባባም፤ ፈተናውን ካለፈ ይበቃዋል" ይላል። ሌላው ደግሞ "በአኙዋ ቋንቋ፣ በኑዌር ቋንቋ እንጀራ አይበላም" ብሎ እቤት ድረስ በአማርኛ ብቻ ያወራዋል። ሁለቱም ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ግን ሁለቱም አንድ እጁን አስረው ነው የሚልኩት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና አላቸው ይላል። በዚህ አንደራደርም! ያው አንቀጽ ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ፈቅዷል። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ኦፖውና ኮሞው በሚገናኙበት በእኛ ክልል ቢሮው የሚሠራው በአማርኛ ነው። ማስታወቂያው በአማርኛ፣ ማመልከቻው በአማርኛ፣ ደብዳቤው በአማርኛ። ዲግሪ ይዘን ሰሌዳ ስር የምንቆም እናውቀዋለን። አንቀጽ 20 ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ለሥራ ፈላጊ ግን አስተርጓሚ የሚቆም የለም!

ታዲያ ልጁን ከአማርኛ ክፍል ብናስቀረው ማን ይጎዳል? አማርኛ አይጎዳም። የሚጎዳው የእኛ ልጅ ነው። መብታችንን ጽፎ የሚከራከርልን ሰው ነው የምናጣው።

የአባቶች ስጋት ግን ውሸት አይደለም። አያቱ በቋንቋዋ ጠይቃው በአማርኛ የሚመልስ ልጅ አይተናል። ጥፋቱ ግን የትምህርት ቤቱ አማርኛ አይደለም፤ የቤቱ ዝምታ ነው። ባሮ በአኙዋ ቋንቋ ኦፔኖ መባሉን ለልጁ መንገር ያለበት ቤተሰቡ ነው። ተረቱን፣ የዘር ሐረጉን፣ የከብቱንና የዓሣውን ስም ከቤት ካልሰማ ከየት ይሰማል?

አንድ ነገር ልጨምር። የአኙዋ ልጅ የኑዌርን ቋንቋ፣ የኑዌር ልጅ የአኙዋን ቋንቋ ቢማር "የእነሱን ቋንቋ ምን ያደርግልሃል?" የሚል ቤተሰብ አለ። ስንት ወሬ ተጣሞ ስንት ደም እንዳፈሰሰ እያወቅን? የጎረቤቱን ቋንቋ የሚሰማ ወጣት በወሬ አይነዳም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ታናናሾቻችሁን በቋንቋችሁ አውሯቸው። ከዚያ የአማርኛ ደብተራቸውን አውጥታችሁ አስጠኗቸው። እናትና አባትንም በአክብሮት አስረዱ።

ቋንቋችን ማንነታችን ነው፤ እውቀት ደግሞ ጉልበታችን!

ሼር አድርጉት፣ ለወላጆችም አንብቡላቸው።