ለጡረታ ዘመን በፈቃድ ስለ መቆጠብ

(በሬዲዮ የተነገረ)



አበው «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለች ሩጥ» ብለው ተርተዋል። የዛሬው ንግግራችን ጀምበር ሳለች ስለ መሮጥ ነው። ገበሬ ጉልበቱ እስኪደክም ያርሳል፤ ነጋዴም ዓይኑ እስኪፈዝ ይነግዳል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ጤናውና ዕውቀቱ ገና ሳይጎድል፣ ስልሳ ዓመት ሲሞላው ከወንበሩ ይነሣል። ጀምበሩ የምትጠልቅበት ሰዓት አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሳይሰናዳ ቢመሽበት የሚወቅሰው ማንን ይሆን?

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ በጉና ተራራ ግርጌ ባሉት መንደሮች ሁሉ፣ ያረጀ አባት የሚጦረው በልጁ ነው። ልጁ ከመሬቱ ያርስለታል፤ ገብሱን ከጎተራው ያገባለታል። ደመወዝተኛው ግን ከአባቱ ቀዬ ርቆ፣ በደብረ ታቦር ወይም በወረታ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ልጆቹም ተምረው ወደ ሌላ ከተማ ይበተናሉ። ስለዚህ እንደ ልጅ ሆኖ የሚጦረው ሕግ አስፈለገው። በጀርመን አገር ቢስማርክ በሥልጣን ሳሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የእርጅና መድን ሕግ ወጣ። በእኛም አገር በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 46፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209 ለመንግሥት ሠራተኞች ጡረታን በሕግ አቆሙ። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 4፣ መንግሥት 6 ያዋጡ ነበር፤ ዛሬ የሲቪል ሠራተኛው መዋጮ 7፣ የመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው።

እንግዲህ ብዙ ሠራተኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «ከሰባቱ እጅ በላይ በፈቃዴ ባዋጣ ጡረታዬ ከፍ አይልልኝምን?» ይላል። ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ በዚያ አገር ሙሉውን የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት 35 የመዋጮ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የጎደለው ዓመት ያለበት ሰውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በፈቃዱ ከፍሎ ሊሞላው ይችላል። በእኛ አገር የሠራተኛው ጡረታ የሚሰላበት መንገድ ግን ከዚህ ይለያል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 የደነገገው ስሌት በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ አንደኛው የአገልግሎት ዘመን፣ ሁለተኛው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የዚህን አማካይ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አያልፍም። ከሰባቱ እጅ በላይ የሚከፈል ገንዘብ በዚህ ስሌት ውስጥ ስፍራ የለውም።

ነገሩን በምሳሌ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ አንድ መምህር እናስብ። 30 ዓመት ቢያገለግል 55 በመቶ፣ ማለት በወር 5,500 ብር ይደርሰዋል። ከዓመታቱ አንዱ በማስረጃ ጉድለት ሳይቆጠር ቢቀር በወር 125 ብር ይጎድልበታል። 125 ብር ትንሽ ትመስላለች፤ በዓመት ግን 1,500፣ በ15 የጡረታ ዓመታት 22,500 ብር ትሆናለች። እንዲሁም 25 ዓመት ያገለገለና ለጡረታ 5 ዓመት የቀረው ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ መውጣትን አዋጁ ይፈቅድለታል። ይኸው መምህር በ55 ዓመቱ በ25 ዓመት አገልግሎት ቢወጣ በስሌቱ 4,875 ብር፣ እስከ 60 ቆይቶ ቢወጣ 5,500 ብር ይሆናል። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ የሚመጣ የደመወዝ ጭማሪ ቢኖር አማካዩን ስለሚያነሣው ልዩነቱ ይሰፋል። የታመመ ወይም የተሻለ ሥራ ያገኘ ሰው ቢወጣ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የአለቃን ፊት ጠልቶ በንዴት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ይህን ሒሳብ ቢሠራ ይበጀዋል።

ስለዚህ ከገንዘብ በፊት በፈቃድ የሚደረገው የመጀመሪያ መዋጮ ትጋት ነው። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስትዛወሩ የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤዎቻችሁን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። በግል ድርጅት ጡረታ እየከፈላችሁ ያገለገላችሁበት ዘመን ካለ፣ ሁለቱ አገልግሎት እንዲያያዝ ማስረጃውን በጊዜው አስገቡ። የትውልድ ዘመናችሁ መጀመሪያ ስትቀጠሩ በሞላችሁት ቅጽ ላይ በሰፈረው ይጸናልና፣ ምን ተብሎ እንደ ተመዘገበ እወቁ። የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃም አይዘንጋ፤ ጡረተኛው ሲሞት በአዋጁ ለሚስት ወይም ለባል የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላልና። ቤተሰብ በኀዘን ላይ ሳለ ወረቀት ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እንዲንከራተት ማድረግ ከእናንተ አይጠበቅም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 የቀድሞውን ስለ ተካ፣ የራሳችሁን ጉዳይ በዚሁ አዋጅ መሠረት ከመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር አረጋግጡ።

ሁለተኛው መዋጮ የገንዘብ ነው፤ እርሱም ከሕጉ ውጭ በራስ እጅ የሚደራጅ ነው። ደመወዝ 10,000 የነበረው ሰው በ5,500 ሲተዳደር ጤፉ፣ የቤት ኪራዩና መድኃኒቱ በግማሽ አይቀነሱለትም። ጉልበቱን ያመመው ሽማግሌ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ጥቂት ቀን ልሰንብት ቢል የመኪናው ዋጋና ስንቁ ከዚያችው ጡረታ ነው። በወር 300 ብር ለ15 ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ወለዱ ሳይታሰብ 54,000 ብር ይኖረዋል። ይህንንም በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም በባንክ ሊያደርገው ይችላል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ባልደረቦች በአንድነት ሲቆጥቡ ገንዘቡን ያለ ጉዳይ ማውጣት ያሳፍራል።

እዚህ ላይ ሳይለዩ የሚቀላቀሉ ነገሮች አሉ። ዕድር የሞተን ይቀብራል፤ የቆመን ሽማግሌ ግን አይጦርም። ዕቁብም የተበተነውን ገንዘብ በአንድ ቀን ሰብስቦ መስጠቱ መልካም ቢሆን፣ ዕጣው የወጣ ዕለት ለድግስ ከዋለ ለእርጅና የሚተርፍ የለውም። ደግሞም የኑሮ ውድነት ሲበረታ በደብተር ላይ ያለ ብር አቅሙ እንደሚቀንስ መሸሸግ አይገባም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው የቁጠባውን ከፊል ወደሚጸና ነገር ይለውጣል። አንዱ የሚከራይ አንድ ክፍል ቤት ይሠራል። መሬት ያለው ደግሞ ለእህል በማይሆን ጭንጫ ላይ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣልና። ከምንጭና ከእርሻ አጠገብ ግን አይተከል።

በመጨረሻም ዓይናችንን ከራሳችን አልፈን እናንሣ። የመንግሥት ሠራተኛ ባይሞላለትም የሚደገፍበት በትር አለው። በሰፈራችን ያለችው ጉልት ነጋዴ፣ አናጢው፣ የደብር አገልጋዩስ? አዋጅ ቁጥር 715/2003 የሃይማኖትና የፖለቲካ ድርጅቶች ሠራተኞች፣ እንዲሁም መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው በጡረታ ሊታቀፉ የሚችሉበትን በር ከፍቶ ነበር። ሕግ አንብቦ የሚያስረዳ ጎረቤት ባለመኖሩ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መብት ሳያውቀው ያረጃል። የተማረ ሰው ለጎረቤቱ ጠይቆ ቢነግረው የሚያወጣው ገንዘብ የለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ። ከእናንተ መካከል አርባ ዓመት የሞላው 20 ዓመት፣ ሃምሳ የሞላው 10 ዓመት ቀርቶታል። በዚህ ሳምንት የአገልግሎት ማኅደራችሁን ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቃችሁ ተመልከቱ፤ በሚመጣው የደመወዝ ቀን ደግሞ ገንዘቡ ለወጪ ከመበተኑ በፊት የእርጅናን ድርሻ አስቀድማችሁ ለዩ።