ሥራን ስለ ማግኘትና በክፉ ቀን ሥራን ስለ መጠበቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ ሳቢያን፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



የዛሬው ቀን የደስታ ቀን ነው። በደስታ ቀን ስለ ችግር መናገር የማይገባ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ የምንወጣ ተማሪዎች እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ፣ ከፈተናው ቀጥሎ ሁላችንንም የሚያሳስበን አንድ ጥያቄ ሆኖ አግኝተነዋል። ይኸውም «ተምረን ስንወጣ ሥራ እናገኝ ይሆን? ያገኘነውስ ሥራ ይቆይልን ይሆን?» የሚል ነው። ከመካከላችን አባቱ ከሥራ የተቀነሰበት አለ፤ እናቱ የገበያ መደቧን የዘጋችበት አለ፤ ታላቅ ወንድሙ ዲግሪውን ይዞ ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ የከረመበትም አለ። ስለዚህ ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው።

እኛ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አይደለንም። ይሁን እንጂ የምንኖርባት ከተማ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ አስተማሪ ናትና፣ አስቀድመን ከእርሷ ታሪክ ጥቂት እናስታውሳለን፤ ከዚያም ይበጃል ያልነውን እንናገራለን።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ስለ ከሰረ ሥራው ለጥቂት ዓመታት ቆመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከተማችን ገና በእግሯ ሳትቆም የኩባንያ ኪሳራ ምን እንደ ሆነ ዐወቀች ማለት ነው።

ቢሆንም ባቡሩ ለብዙ ዘመን እንጀራ ሆኖ ኖሯል። በከዚራ በኩል ጣቢያውና የጥገናው ወርክሾፕ ስለ ነበሩ፣ ነጂውና መካኒኩ፣ ብረት ሠሪውና ጸሐፊው፣ ተሸካሚውና ለመንገደኛ ምግብ የምትሸጠው እናት ሁሉ ከዚያው ሐዲድ ይኖሩ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከሉት የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ሌላ የሥራ በር ከፈቱ።

ታዲያ ችግር በመጣ ጊዜ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ነው። በ1959 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ 8 ዓመት ያህል ሲቆይ፣ ወደ ጅቡቲ ጎራ ይሉ የነበሩ መርከቦች እጅግ ቀነሱ። የአሰብ ወደብና ወደዚያ የሚወስደው የመኪና መንገድ እየበረታ ሲሄድ ከሐዲዱ ጭነት ወሰደ። በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦርነት ሲነሣ ድልድዮች ተሰብረው መስመሩ ተቆረጠ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአገሪቱ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ለከተማችን መልካም ዘመን የመጣ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ጭነት በከባድ መኪና በሚሌና በገላፊ በኩል ማለፍ ያዘ እንጂ በድሬዳዋ አላለፈም። አሮጌው ሐዲድም እየደከመ ሄዶ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ።

ከነዚህ ነገሮች አንዱን እንኳ በድሬዳዋ ወርክሾፕ የሚሠራ መካኒክ አላመጣውም፤ ሊያስቀረውም ባልቻለ ነበር። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ከሥራ መቀነስ ነውር አለመሆኑን ነው። ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው ብለን የምንናገር ከሆነ የገዛ ከተማችንን ታሪክ አናውቅም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ወንበር የድርጅቱ ነው፤ ሙያ ግን የባለቤቱ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ወንበሩ አብሮ ይዘጋል፤ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ብረት መበየድ፣ ሒሳብ መያዝ ግን ከሰውዬው ጋር ከበሩ ይወጣል፤ ሌላ በርም ያንኳኳል። ንግግራችን ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው።

እርግጥ ሙያም ያረጃል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረውን አዲሱን ባቡር እንመልከት። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ በመጨረሻው ዘመኑም የሚጎተተው በናፍጣ ነበር። የአዲሱ ስፋት 1.435 ሜትር ሲሆን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቅሱት የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላለፈ። እንግዲህ የአሮጌውን ሞተር ብቻ የሚያውቅ ሰው አዲሱን ሊጠግን አይችልም፤ ነገር ግን በትክክል መለካትን፣ ንድፍ ማንበብን፣ የኤሌክትሪክን ጠባይና የሒሳብን ሕግ የተማረ ሰው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ለመሻገር ድልድይ አለው። በክፍል ውስጥ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» እያልን የምናጉረመርምበት ትምህርት ይህንኑ ድልድይ የሚሠራልን ነው።

አሁን ምን ይደረግ ወደሚለው እንለፍ።

አንደኛ፤ አንድ በር ብቻ አንመልከት። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት በመላ አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ይህን የምንናገረው ጓደኞቻችንን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በርትተን ማጥናት ይገባናል። ሆኖም ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የማያልፉበትን በር ብቸኛ በር አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የወደቀ ተማሪ መጣያ አይደለም። ውሃ የሚስብ ፓምፕ የሚጠግን፣ የቤት መብራት የሚዘረጋ፣ የባጃጅ ሞተር የሚያድስ ሰው በክፉ ቀን እንኳ ይፈለጋል፤ እንዲያውም አዲስ ዕቃ መግዛት ያቃተው ሕዝብ አሮጌውን ያስጠግናልና ያን ጊዜ ይበልጥ ይፈለጋል። ከዚህም ጋር ከተማችን በነጻ የሰጠችንን ሀብት እናስብ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በተመረቀው የነጻ ንግድ ቀጠናም ሆነ በቀፊራ ሱቅ፣ ደንበኛውን በገዛ ቋንቋው የሚያነጋግርና ሒሳቡን በንጹሕ የሚጽፍ ሰው ከሌላው ይቀድማል።

ሁለተኛ፤ ወረቀት እንያዝ። ብዙ ሠራተኛ መብቱን የሚያጣው ሕግ ስለሌለ ሳይሆን ማስረጃ ስለሌለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም ሥራውን ሲለቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ ችሎታውና ምርቱ የበለጠው እንዲቆይ አዋጁ ቅድሚያ ይሰጠዋል። በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሢሶ፣ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ ያገኛል። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር እያገኘ 4 ዓመት የሠራ ሰው ቢቀነስ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት 3 ዓመታት 6,000፣ ስለ ቅነሳው 12,000፣ በጠቅላላው 24,000 ብር ያህል ይደርሰዋል። ነገር ግን ቀን አያልፍበት። ያለ ሕግ ተባርሬአለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው በ3 ወር ውስጥ፣ ደመወዝና የመሰለ ክፍያ የሚጠይቅ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካላመለከተ መብቱ ይቀርበታል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤን፣ የደመወዝ ወረቀትንና የጡረታ መዋጮ ማስረጃን እንደ ልደት ካርድ በአንድ ፖስታ ማስቀመጥ ይገባል። አባቶቻችንም ይህ ፖስታ ከሌላችሁ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብታዘጋጁት እንለምናችኋለን።

ሦስተኛ፤ ደመወዝ በሚገባበት ጊዜ ለማይገባበት ጊዜ እናስቀምጥ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የገበያውም ዋጋ ተከትሎታል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው «ብር ከቀለጠ ቁጠባ ምን ያደርጋል?» ይላል። እኛ ግን ሁለቱን ለይተን ማየት ይሻላል እንላለን። ለሦስት ወር እንጀራና ለቤት ኪራይ የሚበቃው በባንክ ይቀመጥ፤ ይህ ለትርፍ ሳይሆን በችኮላ የማይረባ ሥራ እንዳንይዝ የሚጠብቀን ነው። ከዚያ የተረፈው ግን የሥራ መሣሪያ ይገዛበት፣ ወይም ሙያ ይማሩበት። እቁብም ለዚህ ሲውል መልካም ነው። እዚህ ሳቢያን ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ለከተማው የሚዳረሰው ጉድጓዱ ከጥሙ በፊት ስለ ተቆፈረ ነው።

አራተኛ፤ ሥራን በእግራችን እንፈልግ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሺህ ሰው ያነበዋል። ብዙ ሥራ ግን ሰሌዳ ሳይደርስ በሰው ቃል ይሞላል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ የሚያውቁትን ሰዎች ስም ጽፎ፣ አንድ በአንድ ሄዶ፣ «ይህን መሥራት እችላለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚል ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይታወስም። የሚያሳየው ሥራ ያለው ያሳይ፤ የሌለው በአጭር ጊዜ ልምምድ ይጀምር። በሥራ ላይ ያለውም ቢሆን የጎረቤቱን ሥራ ይማር፤ ሰዓት ያክብር፤ የተረከበውን ዕቃ በጽሑፍ ያስረክብ። በከተማችን ስም ከሰው ቀድሞ ይሄዳልና።

አምስተኛ፤ ከአቋራጭ እንጠንቀቅ። ድንበሩ ቅርብ ስለ ሆነ ኮንትሮባንድ ለወጣት ዓይን ፈጣን እንጀራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሌሊት ዕቃው ሲወረስ የዓመቱ ድካም ይጠፋል፤ አምስት ዓመት የሠራበትም ሰው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት አያገኝም፤ ጡረታም አይታሰብለትም። ከዚህ የሚብሰው በደላላ ቃል ተታሎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ ዐረብያ በእግር መጓዝ ነው። በዚያ መንገድ በጀልባ መስጠምና በአጋቾች እጅ መውደቅ አለ። ወደ ውጭ ሄዶ ለመሥራት የሚፈልግ በሕግ በተፈቀደለት ኤጀንሲ በኩል፣ ውሉን አንብቦና ፈርሞ ይሂድ።

ወላጆቻችንን አንድ ነገር ለመለመን እንደፍራለን። በቤት ውስጥ ገቢ ሲጎድል ነገሩን ከልጆቻችሁ አትሸሽጉ፤ ልጅ ሲነገረው ወጪውን ይቀንሳል፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭም ይረዳል። በተለይ ግን በመጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው ሴት ልጅ አትሁን። ዛሬ የእርሷን ደብተርና የትራንስፖርት ወጪ ያዳነ ቤት፣ ነገ በክፉ ቀን ደግፎ ሊያቆመው የሚችለውን አንድ ምሰሶ ነቅሏል።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ዓለም ከሩቅ የምትልክብንን ችግር ማስቀረት አንችልም። ቦይ ሲዘጋ፣ ወደብ ሲቀየር፣ የብር ዋጋ ሲወርድ ማንም እኛን አያማክርም። በእጃችን ያለው በደኅናው ቀን ሙያ መያዝ፣ ወረቀት ማኖር፣ ጥቂት መቆጠብና ስምን መጠበቅ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ከሥራ ሊወጣ ይችላል፤ ከሰው በታች ግን አይወድቅም።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችን ጤና፣ ለሁላችንም የሚያኮራ ሥራ እንመኛለን።